ከማዶ መልስ ሳይሰማ የማይገባበት ወንዝ

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የጡረታ ደብተር የለኝም፤ የስንብት ግብዣም አልተደረገልኝም። ገላና ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠራ፣ አይሱዙ መኪና ተሻገረበት፣ የእኛም ሥራ በዚያው አበቃ። የጭነት በቅሎ ነጂ ነበርኩ። አሁን ዲላ ውስጥ ለሱቆችና ለፀጉር ቤቶች ታፔላ እጽፋለሁ። ጥላ ሥር ቆሞ ቀለም መቀባት ከባድ ሥራ አይደለም፤ እግሬ ግን እስካሁን አልለመደውም። አንድ ቦታ ትንሽ ከቆምኩ ሄድ ሄድ ይለኛል።

ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ጓደኞች አሉኝ። በቅሎ ነጂ ነበርኩ ስላቸው ይስቃሉ። አንዱ እንዲያውም ሙዚየም ውስጥ ነው ወይ የሠራኸው ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። ያ ሸለቆ ከመኪናውም ከእኛም በፊት ስንት ሰው አሳልፏል፤ ያሳየኝ ሰው ደግሞ ዛሬም ፍስሐ ገነት ከተማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ሳይጻፍ ቢቀር ያሳዝነኛል።

ሥራ የጀመርኩት በተወለድኩበት በቡሌ ነው። ትምህርቱ አሥረኛ ክፍል ላይ ሲቆም አንድ ጎረቤታችን ገብስና ቆጮ በፈረስ ወደ ገበያ እንዳወርድለት ቀጠረኝ። የቡሌ መንገድ ጭቃ ነው፤ እዚያ የተማርኩት ሳይወድቁ መንሸራተትን ነው። ቀጥሎ ለአንድ የቡና ወቅት ባንኮ ጎቲቲ ሠራሁ። ከየገበሬው ጓሮ የተለቀመውን ቀይ ቡና በበቅሎ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው አወጣለሁ። እሸት ቡና ጆንያ ውስጥ ሲቆይ ይሞቃል፤ ከዘገየህ መዓዛው ይለወጥና የበቅሎዋ ጎን ሁሉ ሆምጣጣ ሆምጣጣ ይሸታል። ጭነት የራሱ ሕይወት እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ሥራው አለቀ፤ እኔም ፍስሐ ገነት ላይ ሸምሱ የሚባል ነጋዴ በቅሎ ነጂ ይፈልጋል ሲሉ ሰምቼ ወረድኩ።

ሸምሱ ቅቤ፣ ማርና ቆዳ ነጋዴ ነው። ዕድሜው አርባ ቢሆነው ነው። ሲናገር ይቸኩላል፤ ሲሄድ ይቸኩላል፤ ሲበላ እንኳ ቆሞ ነው። ስለ ክፍያው ብዙ የምለው የለኝም፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ቀርቶ ግን አያውቅም። የሄድኩ ዕለት ወደ ጓሮ ወስዶ ለጋሽ በራሶ አስረከበኝ።

"ይኸው ረዳት አመጣሁልዎት" አላቸው። "ግጥም ይጽፋል አሉ።"

ጋሽ በራሶ ፊቴን አላዩም። ጫማህን አውልቅ አሉኝና ተረከዜን አገላብጠው አዩ። ከቡሌ ነህ ሲሉኝ አዎ አልኩ። "ግጥሙን እግርህ ካልከለከለህ እኔ አልከለክልህም" ብለው ወደ በቅሎዎቻቸው ተመለሱ።

ጋሽ በራሶ ቀጭን፣ ረጅም፣ የጌዴኦ ሽማግሌ ናቸው። መንገዱን ከአባታቸው ነው የተረከቡት፤ አባታቸውም ከአያታቸው። እሑድ አይጭኑም፤ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በሌላው ቀን ደግሞ መዝሙር በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ ከበቅሎዎቹ ኋላ ይሄዳሉ። ከፊት ሆነው ሲመሩ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከፊት የሚሄደው መንገዱን ነው የሚያየው፣ ከኋላ የሚሄድ ግን እንስሳዋን ያያል ይሉ ነበር።

ጭነት ሲጭኑ አይነጋገሩም። መጀመሪያ የእያንዳንዷን በቅሎ ጀርባ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ትኩስ ቦታ ካገኙ ያቺ በቅሎ የዚያን ቀን ባዶዋን ትሄዳለች፤ ሸምሱ ቢቆጣም አይሰሙም። ከዚያ ጭድ የተሞላውን መደላድል ያለብሳሉ፤ ዝናብ ካለ ጭነቱን በኮባ ቅጠል ይሸፍናሉ። ገመዳቸው የቃጫ ነው፤ ከእንሰት የሚወጣ። የጠፍር መጫኛ ውሃ ሲነካው ይለጠጥና ወንዝ መሃል ጭነቱ ይላላል። ቃጫ ግን ውሃ ሲጠጣ ይጠብቃል። ስለዚህ ጧት ላላ አድርገው ነው የሚያስሩት። እኔ በጉልበቴ ስስብ እጄን ይይዙና "ለወንዙ ተውለት" ይሉኛል። እውነትም ወንዙ ቋጠሮውን ይጨርሰዋል። ከተሻገርን በኋላ ደግሞ ሰው ከመቀመጡ በፊት፣ ውሃም ከመጎንጨቱ በፊት፣ የጠበቀው ገመድ ለበቅሎዋ ይላላላታል። ይህን ሳያደርግ የተቀመጠ ነጂ ከእሳቸው ጋር ሁለተኛ አይወርድም።

ከፍስሐ ገነት ተነስተን ወደ ገላና ስንወርድ መንገዱ መጀመሪያ በእንሰትና በቡና መሃል ነው። በሰው ጓሮ የምታልፍ ይመስልሃል፤ እውነትም በሰው ጓሮ ነው የምታልፈው። ቁልቁል ስትወርድ እንሰቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ቡናው ይቀራል፣ ሙቀቱ ከታች እንደ እስትንፋስ ይመጣል፣ ግራር ይጀምራል። ጋሽ በራሶ እዚህ ላይ ነው አፋቸው የሚፈታው። አንድ ድንጋይ ጋ ቆመው ጎኑን በጣታቸው ያሳዩኛል፤ ገመድ የፋቀው ቦይ አለበት። ከደቡብ ቆላ ጨው ጭነው የሚመጡ ሰዎች አቀበቱን ሲወጡ ጭነታቸውን የሚጎትቱት በዚህ ነበር አሉኝ። ትንሽ ወረድ ብሎ የፈረሰ የድንጋይ ክምር አለ፤ በአያታቸው ዘመን ቀረጥ ተቀባይ የሚቀመጥበት ነበር። ነጋዴው እሱን ለማምለጥ በጫካው በኩል ሌላ ቀጭን መንገድ አወጣ። ዛሬ የምንሄደው በዚያ በቀጭኑ ነው፤ ዋናው መንገድ ሣር በልቶታል። እኔ ስሰማው ሳቄ መጣ። ታሪክ የሚባለው ነገር ቀረጥ ሸሽቶ የወጣ መንገድ ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከላይ የሚወርደው ቆጮ፣ ገብስና ለቤት የሚሆን ቡና ነው። ከታች የሚወጣው ቅቤ፣ ማር፣ ቆዳና ጨው። የእኛ ቡና ማዶ ጉጂ ቤት ሲደርስ ከነገለባው በቅቤ ይጠበሳል፤ የእነሱ ቅቤ እኛ ቤት ሲደርስ ከቆጮ ጋር ይበላል። ይህ ልውውጥ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጋሽ በራሶን ስጠይቃቸው "እንሰትና ላም ከተዋወቁ ጀምሮ" አሉኝ። ሌላ ዘመን አልነገሩኝም።

ወደ መልካው ልምጣ። መልካ የሚባለው ወንዙ ሰፍቶ ጥልቀቱ የሚቀንስበት መሻገሪያ ነው። ከወዲህ ጌዴኦ፣ ከወዲያ ጉጂ። ደገኛው ከላይ የዘነበውን ያውቃል፤ ጎርፉ ቆላ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነውና። ቆለኛው ደግሞ የወንዙን ወለል ያውቃል፤ ከብቱን ሁልጊዜ ያጠጣበታል፣ አሸዋው የት እንደሸሸ፣ ጉድጓድ የት እንደተከፈተ ያያል። ስለዚህ ከዳር የደረሰ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። ቆሞ ይጣራል። ስለ ዝናቡ ይናገራል፣ ከማዶ ስለ ወለሉ ይነገረዋል፣ መጨረሻ ላይ "ግባ" ይባላል። "ግባ" ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ያንን ያለ ሰው፣ የገባው እንግዳ ገበያውን ጨርሶ በሰላም እስኪመለስ ድረስ ለሕይወቱም ለንብረቱም ተጠያቂ ነው። በአንገቴ ማለት ነው። ከማዶ መልስ ከሌለ ይጠበቃል፤ አይገባም። ሁለት ወገኖች አንዳንዴ ሲዋደዱ አንዳንዴ ሲኳረፉ በኖሩበት ሸለቆ ይህ ሥርዓት ከየትኛውም ድልድይ በላይ ሰው አሻግሯል።

መጀመሪያ የወረድኩ ቀን ከማዶ የመለሱት ኦቦ ኡደሳ ናቸው። ኦቦ ኡደሳ የከብት ባለቤት፣ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና የጉጂ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጋሽ በራሶ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ በዚያ ወንዝ ላይ ሲጠራሩ የኖሩ። በኦሮምኛ ነው የሚጯጯሁት። የዝናቡና የወለሉ ወሬ ሲያልቅ ኦቦ ኡደሳ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው እኔን አዩ።

"ያ ከኋላህ የቆመው ሰው ነው በቅሎ?"

"ገና አልለየለትም" አሉ ጋሽ በራሶ። "ግባ በለንና አብረን እንየው።"

ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምን እንደሆነ በልቤ ሳላስብ አልቀረሁም። ነገር ግን ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ቢኖርም ስልክ አንገቱን አይሰጥህም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። በሁለቱ ወገን መካከል ነገር ተበላሸ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ስለዚያ ወቅት እዚህ አልጽፍም፤ ያየው ያውቀዋል። መልካው ተዘጋ። ከብዙ ወራት በኋላ ሽማግሌዎች ከላይ ተነጋግረው እርቅ ሆነ ተባለ፤ በአስፋልቱ በኩል መኪና መመላለስ ጀመረ። እኛም በገበያ ቀን ጭነን ወረድን። ጋሽ በራሶ ተጣሩ። ከማዶ ድምፅ የለም። ግራሩ ብቻ ነው የሚታየው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀምጠን ጭነቱን እንዳለ መልሰን ወጣን። በሚቀጥለውም ገበያ እንደዚያው። በሚቀጥለውም።

ጋሽ በራሶን የሚያስጨንቃቸው ገበያው አልነበረም። ኦቦ ኡደሳ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቁም። ማንን ይጠይቃሉ? በዚያን ጊዜ ስለ ማዶ ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ለማንም ጥሩ አልነበረም። የኦቦ ኡደሳ ስልክም ዝግ ነበር። ሸምሱ በበኩሉ ትዕግሥቱ አለቀ። ዲላ ላይ ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልስ ሰው በቅሎዎቹን ለመግዛት ጠይቆታል። መልካው ካልተከፈተ እሸጣለሁ አለ። በቅሎዎቹ ከተሸጡ መንገዱም አበቃ፤ ጋሽ በራሶም ያንን ወንዝ የሚወርዱበት ምክንያት አይኖራቸውም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ ያለው ግን የለም።

አንድ ገበያ ቀን ሸምሱ ራሱ አብሮን ወረደ። ጋሽ በራሶ ተጣሩ፣ ጠበቁ፣ እንደገና ተጣሩ። ሸምሱ ዳሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ደጋው ላይም ዝናብ አልነበረም። ጠጠሩ ሳይቀር ይታያል።

"ጋሽ በራሶ" አለ ሸምሱ፣ "ወንዙን ሊሻገሩት ነው ወይስ ሊያገቡት? የሽምግልናው ነገር በዛ።"

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። ያን ቀን ግን ማዶውን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን አጠፉና መሪዋን በቅሎ፣ ዳለቻን፣ ይዘው ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ሲሄዱ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ዳለቻ እስከ መሃል ደህና ሄደች። ከዚያ የፊት እግሮቿ ጠፉ። የወንዙ ወለል በእነዚያ ዝም ባሉ ወራት ተለውጦ ኖሯል፤ ድሮ ጠጠር የነበረበት ቦታ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ውሃው ያው ነው። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ጣላት። ያ ውሃ ሲነካው የሚጠብቀው ቃጫ ጠብቆ ይዟታል፤ ጋሽ በራሶ ቢላቸውን አውጥተው ሊቆርጡት ቢታገሉም አልደረሱም። ሸምሱ ልብሱን ሳያወልቅ እስከ ደረቱ ገብቶ ልጓሙን ያዘ፤ እኔ ሸምሱን ያዝኩ። የልጓሙ ገመድ የሸምሱን መዳፍ ልጦ አመለጠ። ዳለቻ ወደ ታች ሄደች። በመታጠፊያው ጋ ጆሮዋ አንድ ጊዜ ታየና ቀረ።

ከውሃው ስንወጣ ጋሽ በራሶ አልተቀመጡም። ሌሎቹን በቅሎዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ገመዳቸውን አላሉ፤ እነሱ ውሃ እንኳ አልነካቸውም። እጃቸው ሥራ ስለፈለገ ይመስለኛል። አቀበቱን ስንወጣ መዝሙር አልነበረም። የድንጋዩ ቦይ ጋ ስንደርስ ብቻ እንዲህ አሉኝ፦

"ሰው ቤት ውስጥ አቤት ሳልባል ገባሁ። በቅሎዋን ውሃ አይደለም የወሰዳት።"

ሸምሱ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ከፊት ይሄድ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ማታ ግን ለጋሽ በራሶ በቅሎዎቹን እንደሚሸጥ ነገራቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም። አንድ ገበያ ቀን ብቻ ስጠኝ አሉት፤ ያለ ጭነት። እሺ አለ።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን በቅሎዎቹን ባዶአቸውን ነዳን። ሸምሱም መጣ፤ ለምን እንደመጣ አልተናገረም። ወይዘሮ ዳሪቱ የምትባል ቆጮ ነጋዴም ተከተለችን፤ ድሮ ከእኛ ጋር ስትሻገር የኖረች፣ ባሏን ቀብራ ልጆቿን በዚያ መልካ ያሳደገች። ጋሽ በራሶ ዳሩ ላይ ቆሙ። ስለ ዝናብ አልተናገሩም። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ ለእያንዳንዱ ቃል ትንፋሽ እየሰጡ ጮኹ።

"ኡደሳ! ባለፈው ግባ ሳትለኝ ገባሁ። ወንዙ በቅሎዬን ወሰደብኝ። ማንም ግባ አላለኝም፤ ማንም ዕዳ የለበትም። ዛሬ ልሻገር አልመጣሁም። ግባ አትበለኝ። በሕይወት መኖርህን ብቻ ንገረኝ።"

ወንዙ ይሄዳል። ሸምሱ መዳፉን ያያል። እኔ ማዶ ካለው ግራር አንዱን መርጬ ዓይኔን ተከልኩበት፤ ባልተክል ኖሮ የማለቅስ መሰለኝ።

"አለሁ" አለ ያ ጎርናና ድምፅ። "አንተ ግን ዋና አትችልም። ስትንቦጫረቅ አይቼሃለሁ።"

ኦቦ ኡደሳ ከቁጥቋጦው ወጡ። ከስተዋል። በትራቸው ላይ ተደግፈው እስከ ውሃው ጠርዝ መጡ። ከዚያ የተናገሩትን ጋሽ በራሶ ወደ አማርኛ እየመለሱ ለሸምሱ ነገሩት። በየገበያው ቀን እዚያ ነበሩ። ጥሪውን ሁሉ ሰምተዋል። ግን ግባ ቢሉ ለሚደርሰው ነገር ተጠያቂ ናቸው፤ የራሳቸው መንደር ጎረምሶች ደግሞ በዚያ ወቅት ምን እንደሚያስቡ አያውቁም ነበር። በማያውቁት ነገር አንገታቸውን ሊሰጡ አልቻሉም። ደህና ነህ ወይ ብሎ መጣራትም እንደ መጋበዝ ይሆናል ብለው ፈሩ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። ዳለቻን ታች መታጠፊያው ጋ አውጥተው ቀብረዋታል፤ ጭነቱንም አድርቀው ከነገመዱ አስቀምጠውታል።

እኔ ያንን ዝምታ ጥላቻ አድርጌ ነበር ስቆጥረው የከረምኩት። ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል ላለመስጠት ወዳጁን በናፍቆት የሚቀጣ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ኦቦ ኡደሳ ቀጠሉ። አሁን ጎረምሶቹን አነጋግሬያለሁ፤ ግን የእኔን ቃል ማመን ይከብዳቸዋል፤ ማዶ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላዩም አሉ። ከዚያም ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ አንድ እግራቸውን አስገቡና ቆሙ።

"ስለዚህ እኔ ልምጣ" አሉ። "ግባ ትለኛለህ?"

ጋሽ በራሶ ወደ እኛ ዞሩ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ፍርሃት ሸፍኖታል። የእኛም ወገን ሐዘን ላይ ነበር፤ የእኛም ጎረምሶች ምን እንደሚያስቡ ማን ያውቃል?

"ግባ ካልኩት አንገቴ ነው" አሉን። "ያለኝ ደግሞ አንድ አንገት ነው። ፍስሐ ገነት ድረስ ወስጄ ልመልሰው አንድ አንገት ይበቃል?"

ሸምሱ ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ተናገረ።

"የኔንም ጨምሩበት።"

"እኔ ቤት ያድራል" አለች ወይዘሮ ዳሪቱ። "በሬ ላይ የሚመጣ ካለ መጀመሪያ እኔን ያናግራል።"

እኔም እሄዳለሁ፣ ከኋላቸው እሄዳለሁ አልኩ። ጋሽ በራሶ ተመልሰው ወደ ወንዙ ዞሩ። ደጋው ላይ ትናንት ከሰዓት ትንሽ ካፊያ እንደነበር፣ ውሃው ግን እስከ ማታ እንደማይጨምር ተናገሩ። ከዚያ "ግባ" አሉ። 

ኦቦ ኡደሳ በበትራቸው ወለሉን እየነኩ ገቡ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ቆመው በበትራቸው ዙሪያውን አሳዩን፤ ከዚያ በላይኛው በኩል አለፉ። ማዶ ላይ፣ ከግራሩ ሥር፣ ሰዎች አንድ በአንድ ሲወጡ አየሁ፤ ወጣቶች ናቸው፤ ቆመው የሽማግሌያቸውን ጀርባ ያያሉ። ጋሽ በራሶ እስከ ወገባቸው ገብተው ተቀበሏቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ውሃው ይጮኻል።

ያን ሌሊት ኦቦ ኡደሳ ወይዘሮ ዳሪቱ ቤት አደሩ። ሸምሱና ጋሽ በራሶ በሩ ላይ ተቀምጠው አነጉ፤ ሊጠይቃቸው የመጣ እንጂ ሊጣላቸው የመጣ ሰው አልነበረም። ጧት መልካው ድረስ ሸኘናቸው፤ ማዶ ሆነው እስኪጣሩልን ድረስ አልተንቀሳቀስንም።

በሳምንቱ ያ ዲላ ያለው ሰው በቅሎዎቹን ሊወስድ ፍስሐ ገነት መጣ። ሸምሱን አላገኘውም። ሸምሱ በዳለቻ ምትክ ሌላ በቅሎ ሊገዛ ቡሌ ወጥቶ ነበር።